በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ስለሞቱት ሦስት መቶ አርባ ቀናት

ለተከበሩ የሰው ሀብት አስተዳደር መምሪያ ዋና ኃላፊ፣
ዘጠነኛ ፎቅ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ሰፊው ክፍል

ግልባጭ፦ በየፎቁ ላለው የማስታወቂያ ሰሌዳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎና በተለይም ለሳንባዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ሳንባዎን ለይቼ ያነሳሁበት ምክንያት ወደ ደብዳቤው መጨረሻ ግልጽ ስለሚሆን እስከዚያው በትዕግሥት እንዲያነቡኝ እለምናለሁ። የዓመት ዕረፍትዎንም በሰላም ጨርሰው ሰኞ ጠዋት እንደሚመለሱ ተስፋ አደርጋለሁ። ዘንድሮም፣ አምናም፣ ካቻምናም፣ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታትም ያለማቋረጥ ወጥተው ያለማቋረጥ ተመልሰዋል፤ በየጊዜው ሻንጣዎን ወደ ምድር ቤት ያወረድኩት እኔ ስለሆንኩ ይህን በእርግጠኝነት መመስከር እችላለሁ።

ስሜን እንደማያውቁት ስለማውቅ ራሴን በሥራዬ ላስተዋውቅ። እኔ የመሥሪያ ቤታችን የሊፍት ሠራተኛ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ዓይንዎን ከስልክዎ ሳይነቅሉ «ዘጠኝ» የሚሉት ሰው ማለቴ ነው። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ተራ ጸሐፊ ሆነው ሲቀጠሩ «ሦስት፣ እባክዎ» ይሉኝ ነበር። ከዚያ አምስት ሆኑ፣ «እባክዎ» ግን አልቀረም። ሰባተኛ ፎቅ ሲደርሱ «እባክዎ» ቀረች፤ እኔም ዕድገት ማለት ቃል መቀነስ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ ሊፍቱን ያገኘሁት ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ነው፤ ያኔም አርጅቶ ነበር። ተጣጣፊ የብረት በሩን በትከሻ ገፋ ካላደረጉለት አይዘጋም፣ ስድስተኛና ሰባተኛ መካከል ሲደርስ ያንገራግራል፣ ዝናብ በጣለ ቀን ደግሞ አራትን ሳይረግጡ ስምንት ቢሉት አይሰማም። ይህን ሁሉ ጠባዩን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ ጉዳቴም ከዚሁ ይጀምራል።

ደብዳቤውን እንድጽፍ ያነሳሳኝ፣ ከስድስት ሳምንት በፊት መምሪያዎ ጡረታ ለመውጣት አምስት ዓመትና ከዚያ በታች ለቀረን ሠራተኞች ያዘጋጀው «ለነገ ዛሬ እንቆጥብ» የተሰኘ የአንድ ቀን ሥልጠና ነው። እኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ስለሆነና አራት ዓመት ስለቀረኝ ተጠርቻለሁ። ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሥልጠናው በዘጠነኛ ፎቅ አዳራሽ እንዲሆን በመወሰንዎ አመሰግናለሁ። ሠልጣኞቹ ከእኔ ጋር ሠላሳ አራት ነበርን፤ አብዛኞቹ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ስለሆኑ ሁሉንም በአራት በአራት ማድረስ የእኔ ፈንታ ሆነ። ስለዚህ ሥልጠናውን የተካፈልኩት በአንድ ደወልና በሌላ ደወል መካከል ባገኘኋት ደቂቃ ነው። አሠልጣኙ ከሃያ ሰባት ዓመት የማይዘል፣ ጫማው ፊት የሚያሳይ መልካም ወጣት ነበር። እሱ ቁጠባ የሚጀመረው በሃያ አምስት ዓመት ነው ሲል ደረስኩ፤ ተደወለ፣ ወረድኩ። ስመለስ፣ ስለዚህ እስካሁን ያልጀመራችሁ ሰዎች እያለ ነበር፤ ተደወለ፣ ወረድኩ፣ የሻይ ዕቃ ነበር። ስመለስ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ አገኘሁት። በመካከሉ ምን እንደተባለ ዛሬም አላወቅኩም፤ መድኃኒቱ የተነገረው ያኔ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ።

የተሰጠንን ቅጽ ግን በሥርዓት ሞልቻለሁ። «ከጡረታ በኋላ ጊዜዎን በምን ለማሳለፍ አቅደዋል?» የሚል ጥያቄ ነበረው፤ ምርጫዎቹም ዋና፣ የውጭ አገር ጉዞ፣ ፈረስ ግልቢያ እና «ሌላ» ነበሩ። «ሌላ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ «መብላት» ብዬ ጻፍኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን አይታ ሳቋ ስላመለጣት አሠልጣኙ ተቆጣን፤ የሁለታችን ዕድሜ ሲደመር መቶ አሥራ አራት ነው።

የእርስዎን የመክፈቻ ንግግር ሙሉውን የመስማት ዕድል እንደነበረኝም መግለጽ እወዳለሁ፤ ንግግሩ ሲያበቃ ወደ መኪናዎ የማወርድዎ እኔ ስለነበርኩ በሩን ይዤ ቆሜ ነበርና። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ጤናውን መቆጠብ እንዳለበት፣ ከቁጠባ ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ በየቀኑ በእግር ደረጃ መውጣት እንደሆነ እጅዎን ከፍ አድርገው ተናገሩ። ጭብጨባው ሳያባራ ወደ እኔ መጥተው «ምድር ቤት» አሉኝ።

ሁለተኛ፣ ቆርቆሮዬን በአክብሮት ስለተቀበሉልኝ አመሰግናለሁ። ይህ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል።

አሠልጣኙ ከመካከላችን ለጡረታ ዘመኑ ያጠራቀመ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ከሠላሳ አራት ሰው እጁን ያወጣው አንድ ብቻ ነበር። እሱም እኔ ነበርኩ፣ ያውም ደረቴን ነፍቼ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት በየዓመቱ የሚገባኝን የሃያ ቀን ዕረፍት እጠይቃለሁ። በየዓመቱም መምሪያዎ፣ ሊፍቱን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስለሌለ «ለሥራው ጥቅም ሲባል ዕረፍቱ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይሰጠኛል። ልብስ ሰፊ የሆነችው ባለቤቴ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ከአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጠችው። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም እንዲሁ። በቤታችን ያ ቆርቆሮ «ባንኩ» ይባላል። ጎረቤቶቻችን ስለገዙት ቦታና ስለከፈቱት የቁጠባ ደብተር ሲያወሩ እሷ ቆርቆሮውን በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ «እኛም እኮ አለን» ትል ነበር። የሌላው ሰው ገንዘብ ዋጋው ሲወርድ የእኛ ቀን ያው ቀን ነው ብላ ትኮራበትም ነበር።

ዕቅዳችን ቀላል ነበር። የጡረታ አበሌ የቤት ኪራይና መብራት ይሸፍናል፤ ለሆድ አይተርፍም። እኔ ደግሞ ከሊፍት ሌላ የምችለው የተቃጠለ ሞተር በአዲስ ሽቦ መጠቅለል ነው። በሥራ ቀን ሲቆጠር ሦስት መቶ ሰማንያ ቀን አንድ ዓመት ተኩል ያህል ስለሚሆን፣ የመጨረሻዋን አንድ ዓመት ተኩል ደመወዜ ሳይቋረጥ እቤት ተቀምጬ፣ በመንገድ በኩል ባለው ክፍል የሥራ ጠረጴዛ ተክዬ፣ የውሃ ፓምፕና የቬንቲሌተር ሞተር እየጠቀለልኩ ደንበኛ ላፈራ ነበር። ጡረታዬ በሚጀምርበት ቀን ሰፈሩ ደጄን የሚያውቀው እንዲሆን ነው። ባለቤቴ ከአራት ዓመት በፊት፣ ገና በጠዋቱ፣ የልብስ ስፌት መኪናዋን ከመስኮቱ አንስታ ወደ ኮሪደሩ አዛወረችው፤ የመስኮቱ ቦታ ለጠረጴዛዬ ነው ብላ። ከዚያ ወዲህ የተማሪዎች የደንብ ልብስ የምትሰፋው በአምፖል ነው። አንዳንዴ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገባልኝ ትለኛለች፤ ድሮ እንዲህ አትልም ነበር። ተመለሽ ብላት «ቀኑ ደርሶ የለ» ትለኛለች።

እንግዲህ አሠልጣኙ ማስረጃዬን ለመምሪያው እንዳቀርብ ስለነገረኝ፣ በማግሥቱ ቆርቆሮዬን በብብቴ ይዤ ቢሮዎ ገባሁ። ቆርቆሮውን ሲያዩ ብስኩት ያመጣሁልዎት መስሎዎት ፈገግ አሉ፤ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ፈገግ ያሉልኝ ያኔ ብቻ ስለሆነ አልረሳውም። ከዚያ ደብዳቤዎቹን አንድ በአንድ አውጥተው ሁለቱን ወደ እኔ መለሱ፣ አሥራ ሰባቱን በእርሳስ ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፏቸው። ሳይጠቀሙበት ከሁለት ዓመት በላይ የቆየ ዕረፍት በደንባችን አንቀጽ ሠላሳ መሠረት እንደሚሞት አስረዱኝ። «ይሞታል» ነው ያሉት። እኔም አሥራ ሰባት ሬሳ በብስኩት ቆርቆሮ ይዤ ስዞር መክረሜን ያን ጊዜ አወቅኩ። ክው ብዬ ስለቀረሁ፣ ሁሉንም ወደ ቆርቆሮዬ መልሼ አመሰግናለሁ እንኳ ሳልል ወጣሁ፤ ስለዚህ አሁን አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ጉዳዩን በቃል ብቻ ሳይተዉ በሳምንቱ በጽሑፍ ስላረጋገጡልኝ አመሰግናለሁ። ደብዳቤዎ፣ «ሠራተኛው በራሱ ቸልተኝነት ያልተጠቀመበት የሦስት መቶ አርባ ቀን ዕረፍት የማይተላለፍ መሆኑን እናስታውቃለን» ይላል። ቸልተኝነቴን ደጋግሜ መረመርኩት። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጠይቄያለሁ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተከልክያለሁ። ከከለከሉኝ ደብዳቤዎች አሥራ አንዱ የእርስዎ ፊርማ አለባቸው። የመጀመሪያውን ደግሞ በእጅዎ የጻፉት እርስዎ ነዎት፣ ሦስተኛ ፎቅ ሳሉ፣ ወደ ላይ አስፈርመው አምጥተው በእጄ ሰጡኝ፤ «ይቅርታ» ማለትዎም ትዝ ይለኛል። ምናልባት ቸልተኝነቴ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ፎቅ መካከል ሊፍቱን አቁሜ፣ እንፈራረም ሳልልዎት መቅረቴ ሊሆን ይችላል። ዕድሉን በቀን ሁለት ጊዜ አግኝቼው ነበር።

ለባለቤቴ እንዴት ልንገራት ብዬ ሦስት ቀን ሆዴ ውስጥ ይዤው ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ደብዳቤውን ሰጠኋት። አምፖሉ ሥር ይዛ አነበበችው። ከዚያ ቆርቆሮውን አወረደች፣ አሥራ ሰባቱን ደብዳቤዎች አውጥታ በካውያ ተኮሰቻቸው። አበደች ብዬ ደንግጬ ነበር፤ እሷ ግን መቀሱን አንስታ የደንብ ልብስ የኮሌታ ንድፍ ቆረጠችባቸው። ወረቀቱ ወፍራም ስለሆነ ይመቻል አለችኝ። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሃምሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው አይቶኝ አላለቀስኩም፣ ያን ቀንም አላየኝም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የሰፈራችን ተማሪዎች አንገታቸው ላይ ያለው ኮሌታ በእርስዎ ፊርማ ልክ የተቆረጠ መሆኑን ስነግርዎት በአገልግሎትዎ እንዲኮሩ ነው።

አራተኛ፣ ምትክ እንዳይሠለጥን ላደረጉልኝ ጥበቃ አመሰግናለሁ። ሊፍቱን የማስተምረው አንድ ረዳት እንዲመደብልኝ አራት ጊዜ በጽሑፍ አመልክቼ፣ አንድ ሰው ለሚሠራው ሥራ ሁለት ሰው መመደብ ብክነት ነው የሚል መልስ አግኝቻለሁ። ሰው ከሌለ ወረቀት ይኑር ብዬ፣ ከስድስት ዓመት በፊት የሊፍቱን ጠባይ ሁሉ ከእነሥዕሉ በአርባ ገጽ ደብተር ጽፌ ለመምሪያዎ አስገባሁ። ሲጸድቅ ታትሞ ይሰራጫል ተባልኩ። አልጸደቀም፣ አልተመለሰም። ይህን ያነሳሁት ለቅሬታ ሳይሆን ደብተሩ የት እንዳለ ስለማውቅ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አምስተኛም ነበረኝ፤ ጡረታ ለሚወጡ ሠራተኞች በስጦታ የምትሰጡትን የግድግዳ ሰዓት የሚመለከት ነበር። ሆኖም ቀኑን ወስዶ ሰዓቱን ለሚሰጥ መሥሪያ ቤት ምን ብዬ እንደምጽፍ ስላላወቅኩ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልለፍ። በሥልጠናው ቀን ለእያንዳንዳችን የታደለውን የመተዳደሪያ ደንብ መጽሐፍ ማለቴ ነው። እኔ አንቀጽ ሠላሳን ካነበብኩ በኋላ ሁለተኛ ላልከፍተው ወርውሬው ነበር። የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ግን በደብዳቤዎቼ ሁሉ ላይ የወጪ ቁጥር የጻፈችው እሷ ስለሆነች ነገሩ አንገብግቧት ኖሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አስቁማኝ «ገጹን ገልብጠው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ» አለችኝ። ገለበጥኩት። አንቀጽ ሠላሳ አንድ፦ «በጽሑፍ የቀረበ የዓመት ዕረፍት ጥያቄ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ካልተሰጠው እንደተፈቀደ ይቆጠራል።» አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለእኔ መልስ ዘግይቶ አያውቅም፤ ጠዋት ጠይቄ ከምሳ በፊት የተከለከልኩበት ጊዜ አለ። ለእኔ ጉዳይ ያለዎትን ትጋት ሁልጊዜም አደንቃለሁ።

ዘንድሮ ግን እርስዎ ወደ ዕረፍትዎ ሲሄዱ፣ ማኅተሙን ለሰው ማመን ስለማይወዱ፣ ተወካይ ሳይመድቡ መሳቢያው ውስጥ ቆልፈውበት ሄዱ። ሻንጣዎን ባወረድኩበት በዚያው ቀን፣ ከሞት የተረፉትን አርባ ቀናት እንዲፈቀዱልኝ የሚጠይቅ ማመልከቻ አስገባሁ። የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ቀንና ቁጥር ጻፈችበት፣ እኔው ራሴ ወደ ዘጠነኛ ፎቅ አድርሼ ጠረጴዛዎ ላይ ካለው የገቢ ትሪ ውስጥ አኖርኩት። ዛሬ ዓርብ ነው፤ አሥራ አራተኛው የሥራ ቀን። መልስ አልመጣም። ስለ ዝምታዎ ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከእርስዎ ከደረሱኝ መልሶች ሁሉ ደስ ያሰኘኝ እሱ ነው።

ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ለስምንት ሳምንታት በዕረፍት ላይ ነኝ። አንድ ዓመት ተኩል የታሰበለትን ሥራ በሁለት ወር እጨርሳለሁ ብዬ ራሴን አላሞኝም። ጠረጴዛውን ግን እተክላለሁ፤ ጎረቤታችን ያለው እንጨት ሠሪ እግሮቹን ጨርሷቸዋል። በራችን ላይ ሰሌዳ እሰቅላለሁ፣ ከተገኘ ሁለት ሦስት ሞተር እጠቀልላለሁ። የተረፈውን አራት ዓመት ደግሞ በየዓመቱ ሃያ ሃያ ቀን እየወሰድኩ እቀጥላለሁ፤ አንድም ቀን አላስተላልፍም። ከጠረጴዛው በፊት ግን የምሠራው አንድ ሥራ አለ፤ የባለቤቴን የስፌት መኪና ከኮሪደሩ አንስቼ ወደ መስኮቱ እመልሳለሁ። ጠረጴዛዬ ከበሩ ጎን ይበቃዋል። ይህን ስነግራት «እሱ ከሆነ እኮ ቀድሞም ይበቃ ነበር» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ያልለካነው እኛ ነን። በዚህ ብቻ ቸልተኝነቴን እቀበላለሁ።

ሊፍቱን ዛሬ ማታ በሥርዓቱ ምድር ቤት አሳርፌ፣ ከዋናው ማብሪያ ማጥፊያ አጥፍቼ፣ በሩን ቆልፌ ማስታወቂያ ለጥፌበታለሁ። ባለጉዳዮች የሚስተናገዱት ምድር ቤት ስለሆነ የሚጉላላ እንግዳ አይኖርም። ጉልበታቸውን የሚያማቸውን ባልደረቦቼን በየፎቁ እየዞርኩ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ሂድ፣ የእኛንም ዕረፍልን ነው ያሉኝ፤ ለስምንት ሳምንት ጠረጴዛቸውን ወደ ታች ለማውረድም የፎቅ ኃላፊዎቻቸው ፈቅደውላቸዋል። ስለዚህ በፎቁ ላይ የሚቸገር ሰው ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ደረጃ መውጣትን ከእኛ ሁሉ አብልጦ የሚወድ ነው።

በሄዱበት ፎቅ ሁሉ በሩን ከፍቼልዎት፣ በሩን ዘግቼልዎት፣ ከ«እባክዎ» እስከ ዝምታ ባደረስኩዎት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ስም፣ ሰላምታዬን ከምድር ቤት ወደ ላይ እልካለሁ፤ በእግሩ ስለሚመጣ ትንሽ ቢዘገይ ይታገሱት።

አክባሪዎ፣
የሊፍቱ ሠራተኛ
(ከሰኞ ጀምሮ፦ ሞተር ጠቅላይ)

ማስታወሻ፦ ሊፍቱን ሌላ ሰው እንዲያንቀሳቅሰው ከፈለጉ ምንም ችግር የለም፤ ሁሉም ነገር በዚያ አርባ ገጽ ደብተር ውስጥ ተጽፏል። ደብተሩ ያለው እርስዎ ቢሮ ነው፣ በዘጠነኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለው ቁም ሳጥን የታችኛው መሳቢያ ውስጥ፣ ቁልፉም በእርስዎ ኪስ ነው። የሞተሩ ክፍል ጣሪያ ላይ ስለሆነ ሊፍቱ በተበላሸ ቁጥር እየወጣሁ ደረጃዎቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ እስከ ቢሮዎ በር መቶ ዘጠና ስምንት ናቸው። አምስተኛ ፎቅ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ደክሞዎት ከሆነ እዚያው አረፍ ይበሉ እንጂ ስምንተኛ ስደርስ አርፋለሁ ብለው አያስተላልፉት፤ የተላለፈ ዕረፍት ምን እንደሚሆን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።